ሰፈራችን ያለችውን ዱር መሰል ፈፋ ደልድለው "ፓርክ" ሊያደርጓት ነው፣ ምን ትመክራላችሁ?

የግንፍሌ_ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ነገሩ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። ከ4 ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ግንፍሌ አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ፈፋ አለች፣ ስም የላትም፣ እኛ ዝም ብለን "ታች" ነው ምንላት። ክረምት ላይ ትጮሃለች፣ በጋ ላይ ግን የቤቶች ፍሳሽ ብቻ ነው ሚወርድባት። ኮሪደር ልማቱ ዋናውን ወንዝ ዳር ሲሰራ እሷ ጋ አልደረሰም ስለዚ እስካሁን እንደድሮዋ ናት። አንድ ትልቅ ሾላ አለ፣ ስሩ ከድንጋዩ ጋር ከመያያዙ የተነሳ የቱ ስር የቱ ድንጋይ እንደሆነ አይለይም። ጽዶች አሉ፣ ጥቂት ወይራ፣ ከላይ ጫፉ ላይ ባህር ዛፍ፣ ከስር ደሞ የወፍ ቆሎና ጉሎ ድብልቅልቅ ብሎ በቅሏል። ቆሻሻም አለ አልዋሻችሁም። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ያመጣው ፌስታል እስካሁን ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ነው ያለው፣ እሱን አይታችሁ ውሃው የት ድረስ ሞልቶ እንደነበር ማወቅ ትችላላችሁ፣ ከኔ ቁመት በላይ ነው።

አሁን እድራችንና የብሎክ ኮሚቴው ተነጋግረው ሰፈሩ ፓርክ ያስፈልገዋል ብለው ተነስተዋል። ሀሳቡን እኔም ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ። እቅዱ ሲነበብ ግን ዳገቱን በዶዘር ደልድሎ ሳር ማልበስ፣ ዘንባባ በመስመር፣ ወንበር፣ መብራት፣ ለወጣቶች አንድ ኪዮስክ፣ ዙሪያውን አጥር። አንድ ባለሀብት ዶዘሩንና ሳሩን እኔ እችላለሁ ብሏል በምላሹ የድርጅቱ ስም በሩ ላይ ይጻፍለታል። ሾላውስ ብዬ ስጠይቅ አንድ አባት "ቅጠሉ እየረገፈ ያቆሽሻል ፍሬውም ዝንብ ይሰበስባል" አሉኝ፣ ጭብጨባ ሁላ ነበር።

እኔ ምለው፣ ቢያንስ ግማሹ እንዳለ ጸድቶ ቢቀመጥስ? ግን ባለሙያ አይደለሁም፣ ስብሰባ ላይ ተነስቼ "ዱር ይሁን" ብል እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ስለዚ ጥያቄዎቼ፣ ዳገቱን መደልደል ችግር አለው ወይ? ባህር ዛፉስ ይቆረጥ ይተው? ቦታው የማነው፣ ማነው ፈቃድ ሚሰጠው? ቆሻሻ መድፋቱንስ እንዴት ነው ሚያስቆሙት? በናታችሁ ልምድ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ከቀጣዩ የእድር ስብሰባ በፊት የሆነ ነገር ይዤ መቅረብ አለብኝ።

ችግኝ_ጣቢያ፦

ወንድሜ እኔ ዕድሜዬን ችግኝ ጣቢያ ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ ስለ ስብሰባው ሳይሆን ስለ አፈሩ ልንገርህ።

ዶዘሩን አስቁም። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው ተጠራቅሞ የሚወርደው። ያን ዳገት የያዘው ግንብ አይደለም፣ ሥር ነው። ደልድላችሁ ሳር ብታለብሱት የሳር ሥር ስንት ይወርዳል? የመጀመሪያው ሐምሌ ላይ ከነወንበሩ ፈፋው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከዛ ጋቢዮን (በሽቦ ሳጥን የታሰረ ድንጋይ) ይምጣ፣ ድጋፍ ግንብ ይሰራ ይባላል፣ ባለሀብቱ ደግሞ ያኔ ስልክ አያነሳም።

ሳሩም ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማን ነው ሚያጠጣው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ካርፔት ሳር አንድ በጋ በደንብ ካልጠጣ ገለባ ነው ሚሆነው። ሜዳ ካስፈለጋችሁ ከላይ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ትንሽዬ አድርጉና ሰርዶ አስይዙት፣ ሰርዶ የኛው ነው፣ ቢደርቅም ዝናብ ሲያገኝ ተመልሶ ይነሳል፣ ልጅ ኳስ ቢጫወትበትም ይችላል። ዘንባባውን ተውት፣ ጥላ የለው ፍሬ የለው።

ባህር ዛፉን በተመለከተ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳትቆርጡ። ባህር ዛፍ ጠላት ነው ምናምን ሚሉ አሉ፣ እኔ እንደዛ አልልም፣ በምኒልክ ጊዜ የመጣው ከተማው ማገዶ ጨርሶ ሊሰደድ ደርሶ ስለነበር ነው፣ አዲስ አበባን ካለችበት እንዳትነሳ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር እንደልብ እንዲበቅል አይፈቅድም፣ ውሃም ይጠጣል። በየዓመቱ የተወሰነውን እየቆረጣችሁ በቦታው አገር በቀል ተኩ። ጉቶውን ዳገት ላይ እንዳትነቅሉት አፈሩ ይለቃል፣ ይልቅ ሚያቆጠቁጠውን በየጊዜው እየሄዳችሁ ላጩት፣ ጉቶው ሲደክመው ራሱ ይሞታል። አንድ ክረምት ከዘለላችሁ ግን ካንዱ ጉቶ አራት አምስት ሆኖ ነው ሚጠብቃችሁ።

ምን እንትከል ካላችሁ፣ ውሃው አጠገብ ሾላ (ያለውን ሾላ የነካ እጁ ይቆረጥ፣ ቀልዴን ነው ግን አይደለም)፣ ዳገቱ ላይ ወይራና ጽድ፣ ቶሎ ጥላ ለማግኘት ዋንዛና ብሳና፣ አፈሩ ጠለቅ ያለበት ዝግባ፣ መንገዱ ዳር ብርብራ። ጥቁር እንጨት ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፣ ዘሩ ግን ቶሎ ነው ሚበላሸው፣ ከዛፉ ስር እንደለቀማችሁ ቶሎ ካልዘራችሁት አትድከሙ። ኮሶ ይሉሃል ደሞ አንዳንዶች ለስሙ፣ ኮሶ ከፍ ያለ ቀዝቃዛ ቦታ ነው ሚወደው፣ እንጦጦ ላይ ያምራል እናንተ ጋ ይንገላታል።

አተካከሉን ልድገምላችሁ ምክንያቱም በየዓመቱ ያው ነው ሚሆነው። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩና ይተንፍስ። ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ። ፕላስቲኩን ቅደዱት!! ከነፕላስቲኩ ተተክሎ ሲነቀል ያየሁትን ችግኝ ብትቆጥሩት ደን ይወጣዋል። ሥሩ ከታች ተጠማዞ ካያችሁት ጫፉን በምላጭ ቁረጡት፣ አለበለዚያ ሲያድግ ራሱን ያንቃል። ከዛ ደረቅ ሳር ወይ ቅጠል ከሥሩ ጎዝጉዙበት፣ ግንዱን ሳይነካ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች አጠጡ። የናንተ ሥራ እዛ ላይ ነው ያለው፣ ተከላውማ አንድ ጠዋት ነው ከነፎቶው።

ደረቅ_ቼክ፦

ይቅርታ ግን እዚ ሰፈር ሰው አለ ወይስ ሁሉም ስለ ወይራ ብቻ ነው ሚያስበው? እኔ ቀበና ነው ያደግኩት፣ "ዱር" ምትሏት ቦታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማለፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የወፍ ቆሎ ውስጥ ሰው ቢቀመጥ አይታይም። ስልክ የተነጠቀ፣ የተደበደበ፣ ሌላም ሌላም። ሽማግሌዎቹ ደልድሉት ያሉት ዛፍ ስለሚጠሉ አይመስለኝም፣ ልጆቻቸው በዛ በኩል ስለሚያልፉ ነው። ለወፍ ብለን ሰው እናስዘርፍ ነው ምትሉት? ዛፍ ማየት ያማረው እንጦጦ ፓርክ አለለት፣ 4 ኪሎ አንድነት ፓርክ አለ፣ ወዳጅነት አለ፣ ምን ጎደለን።

ማሚ_ቀበና፦

ደረቅ ቼክ ልጄ ንግግርህ ቢጎመዝዝም ግማሹ እውነት ነው። የኔ ልጅ ማታ ተምራ ስትመጣ እኔ ሻማ አብርቼ ነው በር ላይ ምጠብቃት። ግን መፍትሄው ሁሉን መላጨት ነው እንዴ? ሌባ የሚደበቀው ዛፍ ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። መንገዱ በሁለቱም በኩል ሁለት ሦስት ሜትር ቁጥቋጦው ይጽዳ፣ ትላልቆቹ ዛፎች ደግሞ ዝቅ ያለው ቅርንጫፋቸው ከሰው ቁመት በላይ ድረስ ይመልመል፣ ያኔ ከዚህ ጫፍ እዛ ጫፍ ድረስ ሰው ይታያል። መብራት በመንገዱ ብቻ። ከታች ፈፋው ጋ ማን በማታ ይሄዳል፣ እዛ እንደፈለገ ይብቀል።

እንጦጦ ፓርክ አለ ላልከው ደግሞ፣ አለ፣ በጣም ያምራል፣ እኔም ሄጃለሁ። ነገር ግን ከአራት ልጅ ጋር ታክሲ ከፍለሽ፣ ምሳ ቋጥረሽ፣ በዓመት ስንቴ ትሄጃለሽ? የሰፈር ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ወርውሮ የሚወጣበት ቦታ ነው የጠፋው። የኔ ልጆች ሾላ ምን እንደሆነ ያወቁት እዛው ታች ነው፣ ከንፈራቸው እስኪላጥ በልተው ሆዳቸውን ሲያማቸው።

ድሮ_ወረዳ፦

ሰላም። እኔ በአንድ ወረዳ ከመሬት ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ወጥቻለሁ፣ የትኛው ወረዳ ክፍለ ከተማ አትጠይቁኝ። የወረቀቱን ነገር ላስረዳ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰፈር የሚወድቀው።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ እድር ገንዘብ ስላዋጣ ባለይዞታ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ቦታው በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ነው የተያዘው" የሚለው ነው። አሁን ያለው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ ይዟል። ወንዝና ፈፋ ዳር ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወንዝ ዳርቻ ተብሎ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ከሆነ እጃችሁ ጠንካራ ነው። ቅይጥ ወይ መኖሪያ ተብሎ ከሆነ ግን የናንተ ፓርክ ነገ ለሌላ ነገር ሊፈለግ ይችላል፣ እና ያዋጣችሁት ብር ቀረ ማለት ነው። ይህን ሳታውቁ አንድ ብር እንዳታወጡ።

እንዴት ይታወቃል፣ የእድሩ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የተሰብሳቢው ስምና ፊርማ ይኑርበት፣ የቦታው ንድፍ (በእጅ ቢሳልም ችግር የለም፣ የአራቱ አዋሳኝ ይጻፍበት) ይያያዝና በደብዳቤ ወረዳው ውበትና አረንጓዴ ልማት ጽ/ቤት ይገባ። ቁጥርና ማህተም ያለበት የገቢ ኮፒ ሳትይዙ እንዳትወጡ። በቃል "እሺ ጀምሩ" የሚላችሁ ሰው ይኖራል፣ ያ ሰው በሁለት ወሩ ይቀየራል፣ አዲሱ ደግሞ "ማን ፈቀደላችሁ" ብሎ ደንብ አስከባሪ ይዞ ይመጣል። ስንቱን አይቻለሁ።

የባለሀብቱን ነገር ተጠንቀቁ። መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። ስሙ በር ላይ፣ ዶዘሩ የሱ፣ አጥሩ የሱ ከሆነ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ "ያለማሁት እኔ ነኝ" የሚል ደብዳቤ የማይጽፍበት ምክንያት የለም። እርዳታው በዓይነት ለእድሩ ተሰጠ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ ስሙ ከፈለጋችሁ ወንበሩ ላይ ይለጠፍ፣ በሩ ላይ ግን አይሆንም።

ዛፍ መቁረጥን በተመለከተ ያለ ፈቃድ አንድም እንዳትቆርጡ፣ ባህር ዛፉንም ቢሆን ጠይቃችሁ። ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ደግሞ ድሮ በ1986ቱ የደን አዋጅ ጊዜም ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተለይተው የተጠቀሱ ናቸው፣ ስለዚህ ኮሚቴው ጽድ ልቁረጥ ካለ ይህን አንሱበት ቢያንስ ደንገጥ ይላል። ቆሻሻና ፍሳሹ ላይ ከተማው 2017 ላይ ወንዝ ለሚበክል ከበድ ያለ ቅጣት ያለው ደንብ አውጥቷል። የሽንት ቤት ቱቦ ፈፋው ላይ የለቀቁ ጎረቤቶች ካሉ (አሉ፣ ሁልጊዜም አሉ) መጀመሪያ በእድር በኩል ንገሯቸው። እድር ሲናገር ሰው ይሰማል፣ ነገ ቀባሪው ነዋ።

ማህበርተኛ፦

እኔ ልጨምር። እኛ ተደራጅታችሁ ስሩ ተብለን አንድ አረንጓዴ ቦታ ወስደን የሰራን ልጆች ነን፣ ቦታውን አልጠራም። ስለዚ የኪዮስኩን ነገር ከውስጥ ነው ምነግራችሁ።

ኪዮስክ ጥሩ ነው፣ ሰው ያለበት ቦታ ሌባ አይበዛም፣ በዚህ ደረቅ ቼክም ይስማማል። ግን እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ ጀበናና ጥቂት በርጩማ ነው። ከዛ ፀሐይ ነው ተብሎ ሸራ ይወጠራል። ከዛ ዝናብ ነው ተብሎ ቆርቆሮ። ከዛ ወንበር ጨመር፣ ከዛ አንዱ ጓደኛችን ድራፍት እናስገባ አለ፣ ከዛ መኪና እጥበት፣ የመኪና እጥበቱ ዘይትና ሳሙና ደሞ ወዴት ነው ሚሄደው፣ ወደ ወንዙ። እኛ ክፉ ስለሆንን አይደለም፣ ውሉ ላይ የተጻፈው "ቦታውን አልምታችሁ ተጠቀሙ" ብቻ ነበር፣ ማጠጣት የማን ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ሜትር መያዝ እንደሚቻል፣ ምንም አልተጻፈም። ከቡና የሚገኘው ብር ለልጆቹ ምሳና ለጥበቃው ነው የደረሰው። ለውሃ ሲባል ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። በጋው ሲገፋ ሳሩ ደረቀ፣ ሳሩ ሲደርቅ ያው ወንበር ዘረጋንበት።

ስለዚ እናንተ ውሉ ላይ ኪዮስኩ የሚይዘውን ስፋት በሜትር ጻፉ፣ በችካል ምልክት አድርጉ። ማጠጣትና ጠዋት ጠዋት መጥረግ የኪዮስኩ ኪራይ ይሁን፣ ማለት ብር አትቀበሏቸው፣ ሥራውን ተቀበሏቸው። ካልሰሩ ለሌላ ልጆች ይሰጣል ተብሎ ይጻፍ። አጥሩን ደሞ እኔ ብሆን አላጥርም። አጥር በር ይፈልጋል፣ በር ዘበኛ ይፈልጋል፣ ዘበኛ ደሞዝ ይፈልጋል፣ ደሞዝ ትኬት ያመጣል። ለመኪናና ለገልባጭ ብቻ የማያሳልፍ ትላልቅ ድንጋይ ከላይ መግቢያው ላይ ደርድሩ፣ የግንባታ ፍርስራሽ የሚደፋው በሌሊት በመኪና ነው እንጂ በእግሩ የሚሄድ ሰው ተሸክሞት አይመጣም። እሱ ብቻ ግማሹን ቆሻሻ ያስቆምላችኋል።

ደረቅ_ቼክ፦

ማህበርተኛ ይሄ ነው ወሬ ማለት። ድንጋዩን ወድጄዋለሁ።

ወፍ_ተመልካች፦

አንድ ነገር ማንም ስላላነሳው ነው። ሾላው ዝንብ ይሰበስባል ያሉት አባት ጋ ሄደህ በትህትና ንገራቸው፣ ሾላ ከሌለ እዛ ሰፈር ግማሹ ወፍ የለም። ሾላ እንደሌላው ዛፍ አንድ ወቅት ብቻ አይደለም ሚያፈራው፣ ዓመቱን ሙሉ በየተራ ነው፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ በነበረበት ጊዜ ወፉ እሱን ነው ሚበላው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስሩ ቁም፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለው፣ አረንጓዴ፣ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ የሆነ ወፍ ታያለህ፣ ቱራኮ ነው። ድምፁ ወፍ አይመስልም፣ ያጉረመርማል። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ አለ እኮ፣ የኤምባሲ ግቢዎችና የቤተክርስቲያን ቅጥሮች ውስጥ ያደረ ነው፣ ከግቢ ግቢ ሚሻገረው እንደናንተ ፈፋ ባለ ቦታ ነው። ያቺ ቁራጭ ብትላጭ ወፉ ወዲያው አይሞትም፣ መሻገሪያ ነው ሚያጣው።

ወይራም እንደዛው። ዘሩን እርግብና ሌላ ወፍ በልቶት ሲጥለው ነው በደንብ ሚበቅለው። እናንተ ሳትተክሉት በቅሎ ታገኙታላችሁ፣ ከባህር ዛፉ ስር ሳይሆን ወፍ ከሚያርፍበት ቅርንጫፍ ስር። ሰው ሚያጸዳ መስሎት ሣር ሲያጭድ አብሮ ያጭደዋል፣ ስለዚ ከመጽዳቱ በፊት አንድ ቀን ቀይ ጨርቅ ይዛችሁ በራሱ የበቀለውን ችግኝ ምልክት አድርጉበት። የተተከለ ችግኝ ውሃ ይፈልጋል፣ ራሱ የበቀለ ግን ቦታውን መርጦ ነው የበቀለው፣ በነጻ ያገኛችሁት ነው።

ጉለሌ እጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፣ የዩኒቨርሲቲውና የከተማው። አብዛኛው ባህር ዛፍ የነበረ ቦታ ነው፣ ባህር ዛፉ ቀስ በቀስ እየተነሳ አገር በቀሉ ሲተካ በዓይን ማየት ትችላላችሁ። ኮሚቴውን አንድ ቅዳሜ እዛ ውሰዷቸው። በወሬ ከምታሳምኗቸው አንዴ ቢያዩት ይሻላል፣ ሽማግሌዎቹም ሽርሽር ይወዳሉ።

የወፍ ቆሎውን ግን ንቀሉት፣ እሱ ላይ አልከራከርም፣ ስሙ ቢያታልልም ከውጭ የመጣ ነው፣ ሁሉን ይውጣል። ከነሥሩ፣ ከማፍራቱ በፊት፣ እና ባዶ ሚሆነውን ቦታ ወዲያው በሌላ ነገር ካልሸፈናችሁት ይመለሳል። ባንድ ጊዜም ዳገቱን ሁሉ እንዳታራቁቱት፣ በቁራጭ በቁራጭ።

ሸዋ_ዘር፦

ሁላችሁም ስለ ዛፍ፣ ማንም ስለ ውሃው አላነሳም። ያ ፈፋ ወደ ግንፍሌ፣ ከዛ ወደ ቀበና፣ ከዛ ወደ አቃቂ፣ ከዛ አባ ሳሙኤል፣ ከዛ አዋሽ ነው ሚሄደው። እናንተ ፌስታል አለበት ያላችሁት ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ሰው ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣበታል፣ እናንተም ትበሉታላችሁ። ወንበር ከማስቀመጥ በፊት ቱቦውን።

የግንፍሌ_ልጅ፦

ወይኔ ሰዎች፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ሁለት ነገር ላሳውቃችሁ። አንደኛ ትላንት የኮሚቴውን ሰብሳቢ ቤታቸው ሄጄ አናገርኳቸው፣ ጋሼ ጥሩ ሰው ናቸው፣ የዶዘሩን ነገር ስለ ናዳው ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "የ4 ኪሎው መንገድ ሲሰፋ አንዱ ግንብ እንዴት እንደወረደ ረስተነው ነው እንዴ" አሉ ለራሳቸው። ስለዚ ዶዘሩ ሳይቀር አይቀርም። የእድሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ለመጻፍ ተስማምቷል፣ ወረዳ ደብዳቤ ሳይገባ ብር እንዳይሰበሰብም ተስማምተዋል። ሾላው ላይ ግን ገና ነን፣ ቅርንጫፉ ወደ አንድ ቤት ጣሪያ ያዘነበለ አለ፣ ባለቤትየዋ እትዬ በጣም ተቆጥተዋል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሯቸው ላይ ይወድቃል። እሳቸውም ልክ ናቸው።

ሁለተኛ ጥያቄ፣ ጅብ። ማታ ማታ ታች ይመጣል፣ ጩኸቱን እንሰማዋለን። ሽማግሌዎቹ አንዱ መከራከሪያቸው እሱ ነው፣ ቁጥቋጦው ካለ ጅቡ ይኖራል ይላሉ። ምን ልበል?

ወፍ_ተመልካች፦

ጅቡ ለቁጥቋጦ ብሎ አይመጣም፣ ለቆሻሻው ነው። ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ትርፍራፊውን ፈፋው ላይ መድፋቱን ሲያቆም ጅቡም ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ቀን ላይ የሚተኛበት ጉድጓድ ካለ ግን አትንኩት፣ ለባለሙያ ንገሩ። ደሞ ጅብ ከሌለ የሞተ ውሻ ማን እንደሚያነሳ እስቲ ጠይቋቸው ሽማግሌዎቹን።

ችግኝ_ጣቢያ፦

የእትዬን ቅርንጫፍ በተመለከተ፣ ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም፣ ያንን አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ አንሱላቸው። ግን መጥረቢያ ይዞ የሚወጣ የሰፈር ጎረምሳ እንዳትልኩ። መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ከዛ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ፣ ከዛ የቀረው ጉቶ ግንዱ አጠገብ ያለችውን አንገት (ቅርንጫፉ ከግንዱ ሚወጣበትን እብጥ ያለ ቦታ) ሳይነካ ይነሳል። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይወርዳል፣ በሱ በኩል ይበሰብሳል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሾላው ራሱ ጣሪያው ላይ ነው ሚተኛው። በበጋ ይሰራ። ፈቃዱንም ከወረዳ ውሰዱ እዛ ላይ ድሮ ወረዳ ያለውን ስሙ።

እና የተቆረጠውን እንጨት እዛው ፈፋው ዳር አግድም አስቀምጡት በድንጋይ ደግፋችሁ፣ አፈር ይይዛል። ለማገዶ ሚጣላ ይኖራል፣ ቀጭን ቀጭኑን ስጧቸው።

ማሚ_ቀበና፦

ለእትዬ ደግሞ ቅርንጫፉ ሲነሳ የተቀደደውን ቆርቆሮ እድሩ ይቀይርላቸው። እንደዛ ካደረጋችሁ እሳቸው ናቸው ቀጥሎ ለሾላው የሚከራከሩት፣ አውቃቸዋለሁ መሰለኝ።

ድሮ_ወረዳ፦

የግንፍሌ ልጅ፣ ንድፉን ስትስሉ ሾላውን በክብ ምልክት አድርጉና "ነባር ዛፍ፣ የማይቆረጥ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ጽዶቹንም። ወረቀቱ ማህተም ተመትቶበት ከተመለሰ በኋላ ሰው ቢቀያየርም እሱን አውጥተህ ታሳያለህ። ሦስት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱን እድሩ፣ አንዱን አንተ፣ አንዱን ጋሼ ጋ።

ደረቅ_ቼክ፦

መንገድ ዳሩን ቁጥቋጦ የምታጸዱበት ቀን ሲታወቅ እዚ ጻፉት። ማጭድ አለኝ፣ ሁለት ጓደኞቼንም ይዤ እመጣለሁ። ወይራ ግን አልተክልም አሁንም።